የድሮ ኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ፍሬም ዋጋው ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ሰው የድሮ ቢያንኪ ኮርሳ ፍሬም ከነሹካው በ65 ሺህ ብር ልሽጥልህ ይለኛል። ጎማም ፍሬንም የለውም፤ ባዶ ፍሬም ነው። ‘የጣሊያን ነው፣ የዱሮ ብረት ስለሆነ የዛሬዎቹ አይደርሱበትም፣ የብሔራዊ ቡድን ልጅ ይነዳው ነበር’ ይላል። በማግኔት ሞከርኩት፣ ጥብቅ አድርጎ ይስባል። ቀለሙ እንደ አዲስ ያበራል፣ ጽሑፉም ምንም አልተላጠም። የኮርቻው ዘንግ ብቻ አልነቃነቅ ብሏል፤ ሻጩ ‘ትንሽ ዘይት ነው የሚፈልገው’ አለኝ። ከጫጫ እስከ ጣርማ በር እየነዳሁበት፣ ሲሰለቸኝ አዲስ አበባ ወስጄ ልሸጠው አስቤያለሁ። ዋጋው ይገባዋል?»

ምላሽ፦ አሁን ባለበት ሁኔታ አይገባውም። ፍሬሙ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ዋጋውን የሰቀለባቸው ምክንያቶች አንዳቸውም ዋጋ የሚያስጨምሩ አይደሉም። የሚያስጨምሩትን ደግሞ እሱም አልነገረዎት፣ እርስዎም አልጠየቁት። ከጻፉልኝ ሁሉ ስለ ገንዘብ የሚናገረው ያ አልነቃነቅ ያለው ዘንግ ብቻ ነው።

ከማግኔቱ ልጀምር። ማግኔት መሳቡ የሚነግርዎ ነገር ቢኖር ፍሬሙ አሉሚኒየም አለመሆኑን ብቻ ነው። ገበያ ለመሄጃ የተሠራው ተራ ብስክሌትም፣ የቤትዎ የውሃ ቱቦም በማግኔት ይሳባል። ማግኔት ለሌላ ሥራ ይጠቅማል፤ እሱን ቀለሙ ጋ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

«የጣሊያን ነው» የሚለውም ብቻውን ምንም አይደለም። ኤዶአርዶ ቢያንኪ ሚላን ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ታዋቂው ጣሊያናዊ ተወዳዳሪ ፋውስቶ ኮፒ በ1949 እና በ1952 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በዚህ ስም ብስክሌት ስለሆነ ስሙ ትልቅ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁንና በዚያው ስምና በዚያው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ለዳቦ መግዣ የሚሆን የከተማ ብስክሌትም በገፍ ተሠርቷል። የእንግሊዙ ራሌይም እንዲሁ ነው፤ አባቶቻችን የሚያውቁት ባለ ዘንግ ፍሬኑ ጥቁር ራሌይ ጠንካራ ዕቃ ነበር፣ ግን ከባድና በብዛት የተመረተ ነው። ለተወዳዳሪ ተብሎ ከተሠራው ራሌይ ጋር በዋጋ የሚያገናኘው ነገር የለም። ዕድሜም ቢሆን ያው ነው። ከ40 ዓመት በፊትም ርካሽ ዕቃ ይሠራ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ርካሽ ዛሬ አርጅቶ ውድ አይሆንም።

አሁን ወደ ብረቱ። «የዱሮ ብረት ጠንካራ ነው» ሲባል ሁለት ነገር ይቀላቀላል። የብረት ዓይነት ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ በእኩል ውፍረት በእኩል ክብደት ሲጫን የሚለጠጠውና የሚጎብጠው እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ውዱ ብረት የሚለየው ሳይጣመም ወይም ሳይሰነጠቅ በሚችለው ጫና ነው። ስለዚህ ሠሪው ቱቦውን አሳስቶ ሊሠራው ይችላል፤ ፍሬሙ የሚቀለው፣ መንገድ ላይ ሕይወት ያለው የሚመስለውም በዚህ ነው። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 ማንጋኒዝና ሞሊብዴነም ያለበት ቅይጥ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የጣሊያኑ ኮሎምበስ ደግሞ ክሮምና ሞሊብዴነም ያለበትን ቅይጥ ይጠቀማል። የሁለቱም ምርጥ ቱቦዎች ብየዳ የሚያርፍበት ጫፋቸው ወፈር፣ መካከላቸው ሳሳ ያለ ነው። ኮሎምበስ ኤስ ኤል የሚባለው ጫፉ 0.9፣ መካከሉ 0.6 ሚሊሜትር ነው። ተራው ፍሬም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ወፍራም ቱቦ ነው። ስምና ዘመንን ትተው ገዢዎች ብር የሚከፍሉት ለዚህ ልዩነት ነው።

ታዲያ ይህን ልዩነት ቱቦውን ሳይሰነጥቁ እንዴት ያውቁታል? በኮርቻው ዘንግ ነው። በጣሊያንና በእንግሊዝ ፍሬሞች ላይ ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ የውጭ ስፋቱ 28.6 ሚሊሜትር ነው። ምርጥ ቱቦ ከሆነ ይህኛው የሚወፍረው በታችኛው ጫፉ ብቻ ነው፤ የላይኛው ጫፉ ውፍረት 0.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ከሁለቱ ወገን 1.2 ሲቀነስ ውስጡ 27.4 ይሆናል፤ ለመግቢያ ጥቂት ሲተውለት የሚገባው ዘንግ 27.2 ይሆናል። ኮሎምበስ ኤስ ፒ፣ ማለትም ለትላልቅ ፍሬሞች የሚሠራው ትንሽ ወፈር ያለው፣ 27.0 ይወስዳል። 26.2 ከሆነ ቱቦው ወፍራም ነው፤ 25.4 ካገኙ ደግሞ ሻጩን አመስግነው ወደ ቤትዎ ይሂዱ። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ የፈረንሳይ ፍሬም የውጭ ስፋቱ 28.0 ስለሆነ ጥሩ ሆኖ ሳለ 26.4 ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ውጩንም ውስጡንም ይለኩ። ካሊፐር (ስፋትን በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካው መሣሪያ) ማንኛውም ቶርኖ ቤት ያለ ዕቃ ነው፤ ዘንጉ ላይ ራሱ የተመታ ቁጥር ካለም ከአንገቱ በታች ያገኙታል።

የእርስዎ ፍሬም ችግር እዚህ ጋ ነው፤ ዘንጉ አይወጣም። ይህ ማለት ዋናው መለኪያ ተዘግቷል ማለት ነው። ሻጩ ይህን አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም። ዘንጉ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየምና ብረት ተያይዘው እርጥበት ሲገባባቸው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ያብጥና ቱቦው ውስጥ ይሞላል። ደብረ ብርሃን ላይ ጭጋጉም፣ ውርጩም፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናቡም ለዚህ የተመቸ ነው። «ትንሽ ዘይት» የሚለቀው ዓይነት አለ፣ የማይለቀው ዓይነትም አለ፤ ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ቀጭን ዘልቆ ገቢ ዘይት ከላይ ብቻ ሳይሆን ፍሬሙን ገልብጠው ከታች ከፔዳሉ ማዕከል በኩልም ያፍስሱበትና ለቀናት ይተዉት። በእሳት ማሞቅ የሚሉዎትን አይስሙ፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ሁለቱ አብረው ሲግሉ ዘንጉ ይብስ ይጠብቃል፣ ቀለሙም ይቃጠላል። መቀዝቀዝ ይሻለዋል። ረጅም ቱቦ አስገብተው በጉልበት እንዳያዞሩትም፤ 0.6 ሚሊሜትር ቱቦ ጎልማሳ ሰው ሲጠመዝዘው ይጣመማል፣ ያን ጊዜ የሞተ ፍሬም ገዙ ማለት ነው። እምቢ ካለ ዘንጉን ቆርጦ የቀረውን ከውስጥ በመጋዝ ምላጭ በቀስታ መሰንጠቅ ነው። የአንድ ሙሉ ቀን የጥንቃቄ ሥራ ነው፤ ወጪው የሻጩ እንጂ የእርስዎ መሆን የለበትም።

ዘንጉ እስኪወጣ ድረስ ሌሎች ፍንጮች አሉ። ባዶውን ፍሬም ያለ ሹካው በሚዛን ያስመዝኑ። መካከለኛ ቁመት ያለው ምርጥ ፍሬም ወደ 2 ኪሎ ነው፤ ተራው ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። የኋላው ጎማ የሚቆለፍባቸውን ጆሮዎች ይዩ። በምርጥ ፍሬም ላይ ጆሮው ወፍራም፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ብዙ ጊዜም ካምፓኞሎ የሚል የጣሊያን ዕቃ ሠሪ ስም የተመታበት ነው። በተራው ላይ ከላሜራ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ነገር ያገኛሉ። ሹካውን አውጥተው አንገቱን ከታች በኩል በጣትዎ ይዳስሱት፤ በብዙዎቹ የኮሎምበስ ኮርሳ ሹካዎች ውስጥ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ የተጠማዘዙ አምስት ጎበጥ ያሉ መስመሮች ይገኛሉ። ይህን ማንም በስቲከር ሊያስመስለው አይችልም።

ስቲከር ካነሳን ዘንድ፣ ያ «ምንም ያልተላጠ ጽሑፍ» እኔን የሚያስደስተኝ አይደለም። የሬይኖልድስም የኮሎምበስም ስቲከር ዛሬ እንደ አዲስ ታትሞ በየትም ይሸጣል፤ ፎርጅድ ለማለት እንኳ አይመችም፣ ድሮ ፍሬም ለሚያድሱ ሰዎች በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ ነው። ችግሩ የሚለጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ኦርጅናል ሲሆንም ቃሉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሬይኖልድስ ሦስቱ ዋና ቱቦዎች ብቻ የእሱ የሆኑበትን ፍሬምና ሹካውም የኋላውም ጭምር የእሱ የሆነበትን በተለያየ ጽሑፍ ይለያቸው ነበር። ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚገዛ የሚያውቅ ገዢ የለም።

ቀለሙም እንደዚያው። እርስዎ ማብራቱን እንደ ጥቅም ነው የጻፉት፤ በዚህ ገበያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጫር ጫር ያለ፣ እዚህም እዚያም የተላጠ የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ ቅብ ይበልጣል። አንደኛ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ሁለተኛ፣ እኔንም እርስዎንም የሚያሳስበው፣ አዲስ ቅብ የሚደብቀው ነገር መኖሩ ነው። ማግኔቱ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ደካማ ማግኔት ይምረጡ፤ ጠንካራው ስርጉድ በሚሞላበት ስቱኮም ላይ ይይዛል። በቱቦዎቹ ላይ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱት። አንድ ቦታ ላይ መያዙ ከላላ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፤ ስቱኮ ካለ ከሥሩ ስርጉድ ወይም ስንጥቅ ወይም ዝገት አለ።

ዓይንዎ የመጀመሪያ ሥራውን መሥራት ያለበት ግን ከመሪው ኋላ ነው። ከፊት ለፊት የተጋጨ ብስክሌት የሚጎዳው እዚያ ነው። ከመሪው ወደ ፔዳል በሚወርደው ሰያፍ ቱቦ ላይ፣ ከመጋጠሚያው ሦስትና አራት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ በታችኛው ወገን አውራ ጣትዎን ያስኪዱ። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል፤ ትንሽ ሽብሽብ፣ እንደ ጨርቅ እጥፋት ያለች ከፍታ። ከላይኛው ቱቦ ሥርም እንዲሁ ያድርጉ። እጥፋቱ ካለ ፍሬሙ በዋጋ ደረጃ አልቋል፤ ማንም «ቀጥ አድርጌዋለሁ» ቢልዎ አይመኑ፣ የታጠፈ ቀጭን ቱቦ ያንን ቦታ አይረሳም። ከዚያ ሹካውን ከጎን ይመልከቱ፤ እግሮቹ ወደ ፊት ለስለስ ብለው መጉበጥ ሲገባቸው ከላይ ከአንገታቸው ወደ ኋላ ያፈገፈጉ ከሆነ ተጋጭቷል። ስንጥቅ ደግሞ የሚበዛው በሰንሰለቱ ወገን ከኋላ ጆሮው አጠገብና የኮርቻው ማጥበቂያ ያለበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

ቀጥ ማለቱን ለመፈተን ጠንካራ የስፌት ክር ይበቃል። ክሩን ከኋላ አንደኛው ጆሮ ላይ አስረው፣ ወደ ፊት አምጥተው በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረው፣ በሌላው ወገን መልሰው ሁለተኛው ጆሮ ላይ ወጥረው ያስሩት። አሁን በኮርቻው ቱቦና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። 2 ቢሆን የሚስተካከል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋው ላይ ይነጋገሩበት፤ 5 ሲደርስ ይተዉት።

«የብሔራዊ ቡድን ልጅ ይነዳው ነበር» የሚለውን በተመለከተ፣ ነገሩ የማይሆን አይደለም። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ስትቀርብ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ አስመራም ውድድሩን ጂሮ ዲ ኤሪትሪያን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። የጣሊያን ኮርሳ ወደ እኛ የመጣው እንዲህ ባለ መንገድ ስለሆነ አንዳንዱ ፍሬም እውነተኛ ታሪክ አለው። ግን ታሪክ ዋጋ የሚኖረው ፎቶ ላይ ያው ፍሬም ሲታይ፣ ወይም ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ሲኖር ነው። ያለዚያ ወሬውን በነጻ ይስሙ፣ ለፍሬሙ ብቻ ይክፈሉ።

ቁመቱን ሳይጠይቁ አዲስ አበባ ወስጄ እሸጠዋለሁ ማለትዎም አሳስቦኛል። ከፔዳሉ መሃል እስከ ኮርቻው ቱቦ ጫፍ ከ54 እስከ 58 ሴንቲሜትር ያለው ቶሎ ገዢ ያገኛል። 50 ወይም 62 ከሆነ ምንም ያህል ምርጥ ቢሆን ለወራት ይቀመጣል፤ እግር አይዋሽማ።

ከፍሬሙ ዋጋ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው። የጣሊያን ፍሬም የፔዳል ማዕከል ጥርሱ (እንደ ብሎን የሚጠብቅበት ክር) ስፋቱ 36 ሚሊሜትር ሲሆን በሁለቱም ወገን በቀኝ ነው የሚጠብቀው። የእንግሊዙ በሰንሰለቱ ወገን ግራ ጥርስ ነው፤ ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ዕቃም ለእንግሊዙ የተሠራ ነው። የጣሊያኑ ላይ ያ የቀኙ ወገን በመንዳት ብዛት የመላላት ጠባይ አለው፣ መካኒክም የእንግሊዝ መስሎት ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሲታገል ጥርሱን ይበላዋል። የእንግሊዙ ጥርስ ቢበላ ወደ ጣሊያን ሰፍቶ ሊዳን ይችላል። የጣሊያኑ ከተበላ ግን ከእሱ የሚሰፋ የተለመደ ልክ የለም። ስለዚህ ኩሽኔታው የሚገባበትን ቤት በባትሪ አብርተው ጥርሶቹ አለመበላታቸውን ይዩ። ከኋላ በጆሮዎቹ መካከል ያለውንም ይለኩ፤ 120 ወይም 126 ሚሊሜትር ከሆነ በኋላ የመጣው 130 ሞዞ (የጎማው መሃል) አይገባም። ብረት ስለሆነ በሚያውቅ ሰው እጅ ሊከፈት ይችላል። ይህ የብረት ፍሬም እውነተኛ ጥቅሙ ነው፣ በአሉሚኒየም አይሞከርም። ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፔዳል ሲጨመር ግን ለመንዳት የሚበቃ ብስክሌት ከፍሬሙ ዋጋ በላይ ሊያስወጣዎ እንደሚችል አስቀድመው ያስሉት።

ስለ መንገድዎም አንድ ነገር ልበል። ከጫጫ እስከ ጣርማ በር ያለው ደጋ ለኮርሳ የተመቸ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ቀጭን ጎማ ወገብ ከመቁረጡ በቀር። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ወደ ደብረ ሲና ለመውረድ ካሰቡ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ተነሥተው በጭጋግ ውስጥ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው የሚጠብቅዎት። የድሮ ክሮም የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን አይዝለትም። ሻጩ «ኦርጅናል ቸርኬ አለኝ» ካለዎ አሉሚኒየም መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማግኔት እንዳይስበው። ያቺ ማግኔት ለዚህም ትሆናለች።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፦ ምንም ቢሰነጠቅ ለበር ሠሪ በያጅ እንዳይሰጡት። እነዚህ ፍሬሞች በነሐስ ወይም በብር በዝቅተኛ ሙቀት የተያያዙ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ብየዳ 0.6 ሚሊሜትሩን ቱቦ ይበሳዋል፣ ባይበሳውም አጠገቡን ያደርቀውና ከጎኑ ይሰነጠቃል። ቀድሞ እንዲህ የተበየደ ካገኙም አይግዙ።

ስለዚህ የማደርገውን ልንገርዎ። ሻጩ ዘንጉን በራሱ ወጪ ያውጣው። ወጥቶ 27.2 ወይም 27.0 ከሆነ፣ ከመሪው ኋላ እጥፋት ከሌለ፣ ክሩም እስከ 2 ሚሊሜትር ካሳየ፣ የፔዳሉ ጥርስም ደህና ከሆነና ቁመቱ ለእርስዎ የሚሆን ከሆነ፣ ቀለሙ በመታደሱ ምክንያት ከ65 ሺው ቀንሰው 45 ሺህ ድረስ ቢከፍሉ አይቆጭዎትም። ዘንጉ ሳይወጣ እንዳለ ውሰድ ካለዎ ከ20 ሺህ በላይ አልከፍልም፤ እሱንም የምከፍለው እንደ ተራ ፍሬም ቆጥሬ ነው። ካሊፐርና ክር ማየት ያስቆጣው ከሆነ አይግዙ። በማንኛውም ዋጋ ከገዙ ግን ከፔዳሉ ማዕከል ሥር የተመታውን ቁጥር ውሉ ላይ አስጽፈው በምስክር ያስፈርሙ፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።